ተራዬ ገና ነው

ያኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ኩላሊቶቼ ግን ከእኔ ቀድመው ጡረታ ወጡ። ሳያማክሩኝ፣ ሳይሰናበቱኝ። አንድ ማለዳ እግሬ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሎ፣ ዓይኔ ፊቴ ውስጥ ተቀብሮ ሆስፒታል ብሄድ፣ ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ወረቀቱን አየና «በእግርሽ ነው የመጣሽው?» አለኝ። በእግሬ መምጣቴ እንደ ጥፋት የተቆጠረብኝ ያን ቀን ብቻ ነው። «ከእንግዲህ ደምሽን የሚያጥብልሽ ማሽን ነው» አለ። እኔ ልብስ እንኳ በማሽን አጥቤ የማላውቅ ሴት!

ማሽኑንስ ለመድኩት። ሰው የማይለምደው የለም፤ አማትም ይለመዳል። የከበደኝ ሌላ ነው። ሐኪሙ አንዲት ኩባያ አንስቶ «በቀን የምትጠጪው ከዚህች እንዳያልፍ» አለኝ። ኩላሊቱ የማይሠራ ሰው የጠጣው ውሃ መውጫ የለውም፤ ማሽኑ እስኪያወጣለት ድረስ እዚያው ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ይህን እንግዲህ ነገሌ ላይ ሆናችሁ አስቡት። ነገሌ ቦረና ማለት ጥላ ራሱ ጥላ የሚፈልግበት፣ ሰው ሲገናኝ «አካም? ናጋ?» ተባብሎ ሳይጨርስ «በእናንተ በኩል ዘነበ ወይ?» የሚጠያየቅበት አገር ነው። እዚህ ቦታ «ውሃ አትጠጪ» መባል «አትተንፍሺ» ከመባል በምን ይለያል?

ጎረቤቱ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ኩላሊት መሆኑ እንደተሰማ መንደሩ በሙሉ ሐኪም ሆነ። «ኩላሊት ነው? ታዲያ መድኃኒቱ ውሃ ነዋ!» ያላለኝ ሰው ቢኖር ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነው። አንዷ የገብስ ውሃ፣ አንዷ የአብሽ ውሃ፣ አንዷ የተልባ ውሃ ይዛ መጣች። በዓለም ላይ ያለ እህል ሁሉ ውሃ ውስጥ ገብቶ ወደ እኔ ቤት ጎረፈ። «ሐኪም ከልክሎኛል» ስላቸው እርስ በርስ ይተያዩና «በሽታው ወደ ራሷ ወጥቷል» ይላሉ።

ከሁሉ የባሰው ግን የገዛ ወንድሜ ነው። አባታችን ወታደር ነበር፤ ጦሩ አምጥቶ ነገሌ ተከለው፣ እኛም እዚሁ በቀልን። እናታችን ስትሞት ደሳለኝ ገና የወተት ጥርሱ አልወለቀም ነበር። አሳደግሁት፣ አስተማርኩት፣ ቀጣሁት፣ አገባሁለት ልል ምንም አልቀረኝም። አድጎ ምን ሆነ መሰላችሁ? የውሃ ቦቴ ሾፌር! ድርቅ በገባበት ቀበሌ ሁሉ ውሃ የሚያድለው የእኔ ወንድም ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ የቦቴውን እህት ነገር ግን ማንም አልተረተበትም።

ደሳለኝ ሥራውን ሲጨርስ ቦቴውን የሚያቆመው እኔ በር ላይ ነው። የቦቴው ቧንቧ ያንጠባጥባል። ጠብ። ጠብ። ጠብ። እኔ ውስጥ ተኝቼ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቆ፣ ያ ሁሉ ውሃ በራፌ ላይ ቆሞ ጠብ ይላል። «ደሱ፣ ይህን መኪና ሌላ ቦታ አቁምልኝ» ስለው «እታለም፣ ካንቺ በር የተሻለ ጥበቃ የት አገኛለሁ?» ይለኛል። ከዚያ ገብቶ አጠገቤ ይቀመጥና አንድ ጆግ ውሃ ያለ ትንፋሽ ይጨልጥና «እፎይ!» ይላል። ያቺ «እፎይ» ከማሽኑ መርፌ ትብሳለች።

ክፋት አይደለም፤ ፍቅር ነው። «እኔ የማላውቀውን የሰው ግመል አጠጣለሁ፣ እህቴን ውሃ ልከልክላት?» ይላል። ባለፈው ፋሲካ በዚሁ ፍቅሩ ሊገድለኝ ነበር። ብርቱካን ጨምቆ፣ አምቦ ውሃ ጨምሮ፣ «ዛሬ እኮ በዓል ነው» ብሎ አጠጣኝ። በማግስቱ ደረቅ መሬት ላይ ሰመጥኩ። እውነቴን ነው፤ ባሕር አይቼ የማላውቅ ሴት አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሰመጥኩ። ሳንባዬ ውሃ ሞላ። ማሽኑን የምትከታተለው ሲስተር አትርፋኝ ስታበቃ «ሁለተኛ እንዲህ ሆነሽ ብትመጪ ላልደርስልሽ እችላለሁ» አለችኝ። ደሳለኝ ያን ዕለት ዱብሉቅ መስመር ነበር፤ ሲመለስ ቁጭ ብዬ አገኘኝና «ብርቱካኑ አሻለሽ አይደል?» አለኝ።

እንግዲህ ያተረፈኝ ማሽኑ ብቻ አይደለም። ጓደኞቼ ናቸው። ማሽን ክፍሉ ውስጥ በአንድ ቀን የምንገባ አራት ሰዎች ነን።

አንደኛው አባ ቦሩ ናቸው፤ የዱብሉቅ ቦረና። ዱብሉቅ ላይ ኤላ የሚባሉ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ሰዎቹ በጉድጓዱ ግድግዳ እንደ መሰላል ተደርድረው እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀበሉ ያወጣሉ። የትኛው መንጋ በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚወስን የተራ አባት አለ። አባ ቦሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያን ተራ ሲያስከብሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ማሽን ላይ ሲሆኑ ይተኛሉ፤ ክንዳቸው ላይ መርፌ የሚገባበት ደም ሥር እንደ ንብ ቀፎ ሲዘምም ይሰማል፤ ሲነቁ «ማሩን ቆረጣችሁ?» ይላሉ።

ሁለተኛው ሃምሳ አለቃ ታረቀኝ ናቸው፤ የጎጃም ሰው፣ ነገሌ ጦር ሰፈር መጥተው፣ አግብተው፣ ጡረታ ወጥተው የቀሩ። መጀመሪያ ቀን ቱቦውን ሲያዩ «ደሙ ወጥቶ ይመለሳል?» ብለው ጠየቁ። «ይመለሳል» አለች ሲስተሯ። «በእኛ ጊዜ ከወጣ አይመለስም ነበር» አሉና እጃቸውን ሰጡ።

ሦስተኛዋ ሐጅያ ሐሊማ ናቸው፤ ከሞያሌ ፔርሙስና ጨርቅ እያስመጡ የሚሸጡ ነጋዴ። ባላቸው ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱታል፤ መሐሉን በሳቅ ይሞሉታል።

አንድ ቀን ጥማት ሁላችንንም አንገብግቦን ስናማርር አባ ቦሩ ዓይናቸውን ገለጡ። «ኢንተላ ቲያ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ላም በበጋ በሦስት ቀን አንዴ ትጠጣለች። እኛ በሦስት ቀን አንዴ እንታጠባለን። ይሄ ማሽን ኤላ ነው። ኤላ ደግሞ ሕግ አለው።»

በዚያው ማኅበራችን ተመሠረተ። ስሙም «ኤላ» ተባለ። ሕጉ አንድ ነው፦ ብቻውን የሚጠጣ ከብት የለም። ማናችንም ብንሆን ሌላው ሳያውቅ ጉንጭ ውሃ አንጠጣም። ሐጅያ ሱቃቸው ተቀምጠው ሲጠማቸው ለሃምሳ አለቃ ይደውላሉ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ልጠጣ ነው።»

«ስንት ጉንጭ?»

«ሁለት።»

«አንድ ተፈቅዷል። ፈጽሙና ሪፖርት አድርጉ።»

በስልኩ ውስጥ ጉርጭ ሲል ይሰማል። «ተፈጽሟል» ይላሉ ሐጅያ።

አትሳቁ። አንድ ሰሞን እኚሁ ሃምሳ አለቃ «በቃኝ፣ ከእንግዲህ አልታጠብም፣ እንደ ሰው ልሙት» ብለው ቀሩ። ሦስታችን ሄደን ደጃቸው ላይ ተቀመጥን። አባ ቦሩ «ከብት ከኤላ ሲቀር ይፈለጋል» አሉ። ሐጅያ «አንቱ ካልሄዱ እኛም አንሄድም» አሉና ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ተመቻቹ። ሃምሳ አለቃ በመስኮት አዩን፤ ሰደቡን፤ ተደብቀው ቆዩ፤ ብቅ ብለው እንደገና ሰደቡን። በመጨረሻ እየተሳደቡ የጫማቸውን ክር አሰሩ። መንገዱን ሁሉ ሲረግሙን ሄዱ። እኛም መንገዱን ሁሉ «አሜን» ስንል ሄድን።

ነገሩ በዚህ ሰላም እያለ ደሳለኝ ሊያገባ ነው ተባለ። ልጅቱ ዳርሚ ትባላለች፤ ወላጆቿ ከዱብሉቅ መጥተው ከተማው ዳር የሠፈሩ፣ ከብት ያላቸው ጨዋ ሰዎች። እልል አልኩ። ከዚያ የሠርጉን ቀን ሰማሁና እልልታዬን መለስኩት። ማሽን ከምገባበት ቀን በፊት ያለው ቀን ነው። ያ ቀን ለእኔ ገደቡ ጢም ያለበት ቀን ነው፤ አንዲት ጠብታ ከተጨመረችበት ይጥሳል።

«እታለም» አለኝ ደሳለኝ፤ «የዳርሚ እናት በእጃቸው ወተት ይሰጡሻል።»

«ሐኪም ከልክሎኛል እላቸዋለሁ።»

«ወተት የሚከለክል ሐኪም አለ ብትያቸው ያምኑሻል? እሳቸው ሐኪም ቤት ገብተው አያውቁም። ልጄን ናቁብኝ ነው የሚሉት።»

«ፋሲካን ረሳኸው ደሱ?»

«አንድ ኩባያ እኮ ነው! እኔ በቦቴ ሙሉ ሳድል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ኩባያ ሰው ሲገድል አላየሁም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናት የለኝም። እናቴ አንቺ ነሽ። አንቺ ካልጠጣሽልኝ ማን ይጠጣልኛል?»

ብጠጣ እሰምጣለሁ፤ ባልጠጣ የወንድሜን ትዳር ከደጃፉ አሰናክላለሁ። እሱ ወጣ። ቦቴው በር ላይ ጠብ ይላል።

ጉዳዩ ለማኅበሩ ቀረበ። ማሽን ላይ እንደተዘረጋን መከርን። ሃምሳ አለቃ «ማፈግፈግ የለም፤ አራታችንም እንዘምታለን» አሉ። ብቻውን የሚጠጣ ከብት ከሌለ ብቻውን የማይጠጣም የለም ማለታቸው ነው። ታዲያ የሚሰጠንን የት እናድርገው? መሬት ብናፈሰው ወተት ማፍሰስ ነውር ነው፤ ያውም በቦረና ሰው ፊት። እዚህ ላይ ነው ያ ድንቅ ሐሳብ የመጣልኝ። የመጣው ለእኔ ነው፤ ሌላ ሰው የእኔ ነው ቢላችሁ አትመኑት። ሐጅያ ሰፊ ጅልባብ ይለብሳሉ። ከሥሩ ባዶውን ሲሆን የሚተጣጠፍ ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን በነጠላ ሆዳቸው ላይ ይታሰራል። አፉ ላይ ቂጡ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሰካል። እኛ ኩባያችንን ለሐጅያ እናቀብላለን፣ ሐጅያ በጅልባባቸው ውስጥ ያንቆረቁሩታል። ወተቱ አይፈስም፣ ሰው አይቀየምም፣ እኔ አልሰምጥም።

«አላህ ይቅር ይበለን» አሉ ሐጅያ፤ «ጀሪካኑን ከሱቅ እኔ አመጣለሁ።»

አባ ቦሩ ይህ ሁሉ ሲመከር ተኝተው ነበር። ነቅተው ቢሆን ኖሮ ይህን ወግ አልጽፍም ነበር።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ወንዶቹ ሽማግሌዎች ግራሩ ሥር ናቸው፤ አባ ቦሩ ወደዚያ ሄዱ። እኛ ሦስታችን ድንኳኑ ጥግ ተሰለፍን፤ ሐጅያ መሐል፣ እኔ በቀኝ፣ ሃምሳ አለቃ በግራ። ገና ሳንቀመጥ ሻይ በወተት መጣ። «ጠጡ!» ተባልን። ኩባያዬን ወደ አፌ አስጠጋሁ፣ ሳል አልኩ፣ ለሐጅያ አቀበልኩ። ከጅልባቡ ውስጥ ቆርቆር አለ። ሰላም። ቀጥሎ ለስላሳ መጣ። ቆርቆር። ቀጥሎ እርጎ። ቆርር። ሃምሳ አለቃ እንደ ጥይት አቀባይ ከግራ ያቀብላሉ። «ጨመር ይደረግላቸው፣ ጎበዝ ጠጪዎች ናቸው» አለ አስተናጋጁ፤ ባዶ ኩባያ ያየ ሁሉ ይሞላልናል። ብልሃታችን ራሳችንን ጠለፈን። ከድንኳኑ ሙሉ ሰው እንደ እኛ የጠጣ የለም፤ እንደ እኛም የተጠማ የለም። አጠገቤ የለስላሳው ጠርሙስ ላብ አውጥቶ ሲወርድ እያየሁ ምራቄን ፈልጌ አጣሁት።

ያላሰብነው ነገር የሐጅያ ሆድ ነው። ሲገቡ ቀጭን ነበሩ። ሻዩ ላይ ጠገቡ፤ ለስላሳው ላይ ወፈሩ፤ እርጎው ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከፊታችን የተቀመጡት የሙሽራዋ አክስቶች ይንሾካሾኩ ጀመር። አንዲት አሮጊት ጠጋ አሉ።

«ሐጅያ፣ ስንት ወርሽ ነው?»

ሐጅያ ከመካ ከተመለሱ ወዲህ አይዋሹም። «አላህ ነው የሚያውቀው» አሉ።

አሮጊቷ እጃቸውን ለምርቃት ሆዳቸው ላይ አሳረፉ። ጀሪካኑ ተንቦጫቦጨ። «ይገላበጣል!» ብለው ጮኹ። «በዚህ ዕድሜ! የዋቃ ሥራ!» ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። ሴቱ ሁሉ እየተነሣ ሊባረክ እጁን ያሳርፍ ጀመር፤ መካንም መጣች፣ ሙሽራም መጣች። በተነካ ቁጥር ይንቦጫቦጫል፤ በተንቦጫቦጨ ቁጥር እልል ይባላል።

አንዲቱ አክስት ግን ሒሳብ የምትወድ ነበረች። «ባለቤታቸው የታሉ?» አለች።

«ሞተዋል» አልኩ፤ እኔም እውነተኛ ለመሆን ጊዜ መምረጥ አላውቅ።

«መቼ?»

ዓመቱን ነገርኳቸው። ሴቶቹ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ጣት አልበቃቸው አለ። ከዚያ ዓይን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሐጅያ ላይ ተነሥቶ፣ ከሻዩ ጀምሮ ኩባያ እያቀበሉ ሲንከባከቧቸው የዋሉት ሃምሳ አለቃ ላይ አረፈ። ሃምሳ አለቃ ብድግ ብለው ደረታቸውን ነፉ።

«የማኅበሩ ነው!» አሉ።

ያን ቃል ምድር ብትውጠው ደስ ይለኝ ነበር። ሐጅያ በክርኔ ጎሸሙኝ። «ልጄ፣ ሞልቷል» አሉኝ በሹክሹክታ። ሃምሳ አለቃ ሰሙ፤ «ይከደን!» ብለው አዘዙ። ሐጅያ ጠርሙሱን ነቅለው ክዳኑን በኃይል ገጠሙት። እንግዲህ የቤት እመቤቶች ፍረዱ፤ ለስላሳ፣ እርጎ፣ ሻይ፣ የነገሌ ሙቀት፣ የሃምሳ ሴት እጅ፣ የተከደነ ጀሪካን።

በዚሁ መሐል የዳርሚ እናት መጡ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ትንሽ የሚናገሩ ሴት ናቸው። በጢስ የታጠነ፣ በዛጎል ያጌጠ የወተት ዕቃ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። በቀጥታ እኔ ጋ መጡ። ደሳለኝ ከሙሽራው ወንበር አንገቱን አሰገገ።

«ልጄን ወሰዳችሁ» አሉ በኦሮምኛ፤ «ጠጪ።»

ይህን ለሐጅያ ማቀበል አይቻልም። ዕቃውን ተቀበልኩ። የወተቱ ሽታ መጣብኝ፤ እንዴት ያለ ሽታ! የሲስተሯ ቃል በአንድ ጆሮዬ፣ «ማን ይጠጣልኛል» በሌላው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከንፈሬ ዕቃውን ሊነካ አንዲት ጣት ሲቀረው፦

ጧ!

ክዳኑ ተፈናጥሮ የድንኳኑን ጣሪያ መታ። ከሐጅያ ጅልባብ ሥር ነጭም ሮዝም ያልሆነ ጎርፍ፣ አረፋ እየደፈቀ፣ ምንጣፉን አለበሰው።

«የእንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ!» አለች አንዲቱ አክስት።

«ምጥ ነው! ምጥ ነው!»

የወተቱን ዕቃ ለዳርሚ እናት መልሼ «ጀሪካን ነው! ጀሪካን ነው!» እያልኩ ጮኽኩ። እልልታው ዋጠኝ። ሰምቶኝ የነበረ አንድ ሰው ጀሪካን ፈልጎ አመጣልኝ። መኪና አምጡ ሲባል ቅርብ የነበረው የሙሽራው መኪና ነው፤ የሙሽራው መኪና ደግሞ ቦቴ ነው፤ አበባ ታስሮበታል። ሐጅያን በቃሬዛ ሊያነሷቸው ሲሉ «እኔ ራሴ እሄዳለሁ!» ብለው ተነሡ፤ «ጀግና ናት» ተብሎ የበለጠ ተጨፈረ። ጋቢናው ውስጥ በዳርሚ ጭን ላይ አጋደሟቸው፤ መሪውን ደሳለኝ ያዘ። የዳርሚ ቬሎ እርጎ በእርጎ ሆነ። እኛ ከኋላ ውሃው ላይ ተቀመጥን፤ ሴቶቹ በየጎኑ ተንጠለጠሉ። በነገሌ ዋና መንገድ ቦቴው እየተዘፈነለት፣ ቧንቧው መንገዱን ሁሉ ጠብ እያለ፣ በኋላው ሠርገኛው እየሮጠ ሆስፒታል ገባን።

አዋላጇ በሩጫ ወጣች። «ምጡ መቼ ጀመራት?»

«ከሻዩ ጀምሮ» አልኩ።

ሐጅያን አስገቡና በሩን ዘጉት። ሠርገኛው ግቢውን ሞላ። ከውስጥ የሐጅያ ሳቅ ተሰማ፤ ያ መሐሉን የሚሞሉበት ሳቅ። በሩ ተከፈተና አዋላጇ ቢጫ ጀሪካን በሁለት እጇ ታቅፋ ብቅ አለች።

«ወንድ ነው ሴት?» ብለው ተንጫጩ።

«ባለ አምስት ሊትር ነው» አለች አዋላጇ።

እዚያ ቆሜ መሬቱን አየሁት፤ እንደማይከፈት ባውቅም ዕድል ሰጠሁት። ደሳለኝ ጀሪካኑን አየ፣ እኔን አየ። ሁሉም ነገር ገባው። ፊቱ ላይ ንዴት ይሁን ሐፍረት ሳይለይ ዞር አለና ፊት ለፊቱ ያለውን በር አየ። ማሽን ክፍሉ ነው። እስከዚያ ቀን ገብቶ አያውቅም፤ እኔ ስገባ እሱ ሁሌ መንገድ ላይ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ማሽኑ፣ ቱቦው፣ ወንበሮቹ ይታያሉ።

«ያንቺ የትኛው ነው?» አለኝ።

«የመስኮቱ።»

ገብቶ የወንበሩን መደገፊያ ነካው። ጨርቁ እኔ እጄን ከማሳርፍበት ቦታ ላይ አልቆ ገርጥቷል።

ስንወጣ የዳርሚ እናት ግቢው መሐል ቆመዋል። ያን የወተት ዕቃ በቦቴ ተንጠልጥለው ሲመጡ አንዲት ጠብታ አላፈሰሱም። ለቀልድ ጊዜ የሌላቸው ሴት ናቸው።

«አሁንም አልጠጣሽም» አሉኝ።

ደሳለኝ «እማ...» ብሎ ጀመረና ቀረ። ይኼኔ አባ ቦሩ በትራቸውን እየተመረኮዙ ደረሱ። ሠርገኛው ሲሮጥ እሳቸው በራሳቸው እርምጃ መጥተው ነው።

«ምንድን ነው?» አሉ።

ነገርኳቸው። ጀሪካኑን፣ ጅልባቡን፣ «የማኅበሩ ነው»ን፣ ሁሉን። ሰሙኝ ሰሙኝና «እኔም እኮ ቀኑን ሙሉ ግራሩ ሥር ነበርኩ፤ ወተትም መጣልኝ፣ ሻይም መጣልኝ። አንድም አልጠጣሁም። ማንም አልተቀየመኝም» አሉ።

«ምን ብለዋቸው?»

«ተራዬ ገና ነው አልኳቸዋ።»

ወደ ዳርሚ እናት ዞረው በኦሮምኛ ተናገሩ። ይቺ ሴት ተራ ያላት ናት፤ ማጠጫዋ ነገ ነው፤ ኤላዋ ያውና እዚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከተራዋ ውጭ የጠጣች እንደሆነ ትሞታለች፤ አሉ። በቃ። ከዚያ በላይ ምንም አላሉም። ሐኪሙ በሥዕል ያስረዳኝን፣ እኔ ለመንደሩ ዓመት ሙሉ አስረድቼ ያቃተኝን፣ የዳርሚ እናት ዓይናቸውን አንዴ ርግብ አድርገው ተቀበሉት።

«ተራዋ ያልደረሰን ላም ማን ያጠጣል?» አሉ። ከዚያ ወደ ደሳለኝ ዞር ብለው ቆጣ አሉ፤ በአማርኛ፣ እንዲገባው። «አንተ የውሃ ሰው አይደለህም? እንዴት ይሄን አታውቅም?»

ደሳለኝ አንገቱን ደፋ።

እናትዬዋ ጣታቸውን ወተቱ ውስጥ ነከሩ። ከንፈሬን አራሱልኝ። አንዲት ጣት፣ ያውም በወጉ ያልሞላች። «ጠጣች!» ብለው ለግቢው አወጁ፤ የቀረውን ወተት ዳርሚ፣ ደሳለኝ፣ አዋላጇም ሳትቀር ተቀባበሉት። እልልታው ሦስተኛ ዙር ሲጀምር ሃምሳ አለቃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ያቺ ጉንጭ ሪፖርት ይደረግባት» አሉኝ።

በማግስቱ ማሽን ገባሁ። ሲስተሯ ሚዛኔ ብዙም አለመጨመሩን አይታ «ሠርግ ውለሽ ነው እንዲህ የመጣሽው?» ብላ ገረማት። ሐጅያ ከጎኔ ተዘርግተው «አራስ ነኝ፣ አታስቁኝ» እያሉ ይስቃሉ። ጀሪካኑ አሁን ሱቃቸው ውስጥ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ገዢ ሲጠይቃቸው «ልጄን አልሸጥም» ይላሉ።

ደሳለኝ በዚያው ቀን፣ ገና የሙሽራ ልብሱ ላይ ሳለ፣ መጥቶ ቦቴውን ከደጄ ላይ አነሣ። ከዚያ ወዲህ የሚያቆመው ከመንደሩ ወፍጮ ቤት ማዶ ነው። ከዚያ እኔ ቤት ድረስ በእግሩ ይመጣል።